የ305ቷ ሆንዳ

ስለ ጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ሲወራ ወሬው ወይ ወደ ትንሿ ወይ ወደ ትልቋ ያደላል። ትንሿ ሱፐር ካብ ናት፤ በዓለም ላይ ከእሷ በላይ በብዛት የተመረተ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የለም። ትልቋ ደግሞ በ1968 ቶኪዮ ላይ ለእይታ ቀርባ የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ያስደነገጠችው ባለ አራት ሲሊንደሯ 750 ናት። በሁለቱ መካከል ያሉትን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ትረካ ከእነዚያ ከተዘለሉት የአንዷ ነው፤ ሲቢ77 የምትባለው፣ በአሜሪካ ገበያ ሱፐር ሆክ የሚል ስም የወጣላት ባለ 305 ሲሲ ሆንዳ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ ከአንጥረኛ ቤት ይነሳል። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 ሃማማትሱ ከተማ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ጊሄይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ብስክሌት በአገሩ እየተለመደ ሲመጣ ግን አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ፣ ጠግኖ መሸጥ ጀመረ። ልጁ በወናፉና በብረቱ መካከል አደገ። አንድ ቀን በመንደሩ መኪና አለፈች። ሶይቺሮ ከኋላዋ እየሮጠ ተከተላት፤ ቆማ በነበረችበት ቦታ መሬት ላይ የዘይት ጠብታ አገኘና ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ያንን ሽታ ካረጀም በኋላ እያነሳ ያወራው ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1922፣ ቶኪዮ ውስጥ አርት ሾካይ በተባለ ጋራዥ ተለማማጅ ሆኖ ተቀጠረ። መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የጋራዡን ባለቤት ሕፃን ልጅ አዝሎ ማባበል ነበር። በዓመቱ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን አወደማት። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወደየአገራቸው ሲበተኑ በእሳት የተጎዱትን መኪኖች የመጠገኑ ሥራ በቀሩት ጥቂት ሰዎች እጅ ወደቀ፤ አንዱም ይኸው ተለማማጅ ነበር። በ1928 የዚያው ጋራዥ ቅርንጫፍ በሃማማትሱ ተከፈተለት።

ጥገና ግን አላጠገበውም። በ1930ዎቹ መጨረሻ የፒስተን ፋሻ ለማምረት ተነሳ። ለቶዮታ ካቀረባቸው ፋሻዎች 50 ያህሉ ተመርጠው ሲመረመሩ ያለፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሰውየው በእነዚያ ዓመታት ያደረገውን ብዙ ባለ ፋብሪካ አያደርገውም፤ ብረት እንዴት እንደሚቀልጥና እንደሚቀላቀል ለመማር በጎልማሳነቱ ተማሪ ቤት ገባ። ፈተና መቀመጡን ግን እንቢ አለ፤ ዲፕሎማውንም አላገኘም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካውን የአሜሪካ ቦምብና የ1945ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተባብረው አጠፉት። የተረፈውን ለቶዮታ ሸጦ አንድ ዓመት ሥራ ሳይሠራ ተቀመጠ።

በጥቅምት 1946 ሃማማትሱ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤት እንደገና ጀመረ። ጃፓን በረሃብ ላይ ነበረች፤ ባቡሩ ተጨናንቋል፣ ነዳጅ በራሽን ነው፣ ሰው ሩዝና ድንች ፍለጋ ገጠር ለገጠር ይንከራተታል። ሆንዳ በአንድ ወዳጁ ቤት የጃፓን ጦር ለመገናኛ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠቀምባት የነበረች ትንሽ ሞተር አየ። ብስክሌት ላይ ገጠማት። ለነዳጁ ሰልባትዮ ስላልነበረው በቤት ውስጥ እግር ማሞቂያ የሆነውን የሙቅ ውሃ መያዣ ተጠቀመ። ቤንዚን ሲጠፋ ከጥድ ሥር የሚወጣ ዘይት ቀላቀሉበት። የመጀመሪያዋ ነጂ ሚስቱ ሳቺ ነበረች፤ ሠርቶ ሲያበቃ እስቲ ሞክሪው ብሎ ሰጣት። ከጦሩ የተረፉት ሞተሮች ሲያልቁ የራሱን መሥራት ጀመረ፤ በ1948 ኩባንያው ተመሠረተ። በ1949 ታኬኦ ፉጂሳዋ የሚባል ነጋዴ ተቀላቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ሆንዳ ብረቱን፣ ፉጂሳዋ ገንዘቡን ያዙ።

ለትረካችን የሚያስፈልገው ቀን በ1951 ነው። የዚያን ጊዜ ርካሽ ሞተሮች ቤንዚንና ዘይት አብረው የሚያቃጥሉ፣ የሚያጨሱ፣ የሚጮሁ ባለ ሁለት ምት ነበሩ። ሆንዳም በእነዚያ ነው የጀመረው፤ ግን ድምፃቸውንም ጭሳቸውንም ይጠላ ነበር። በ1951 ክረምት 146 ሲሲ ባለ አራት ምት ድሪም ኢ ተሠራችና በዝናብ ወደ ሃኮኔ ተራራ ተላከች። ሃኮኔ በዚያ ዘመን ከባድ መኪና ሞተሩ እየፈላበት የሚቆምበት ዳገት ነው። ድሪም ኢ ሳትቆም ወጣችው። ከዚያ በኋላ ሆንዳ ባለ አራት ምት የመሥራት መንገድ ያዘ፤ የ305ቷም መልክ እዚህ ላይ ተወሰነ ብዬ አምናለሁ።

የውድድሩን ዘመን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ ተጽፎበታል። በ1954 ሆንዳ በእንግሊዝ አጠገብ ባለችው ማን ደሴት በሚደረገው፣ ቲቲ በተባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር እወዳደራለሁ ብሎ አወጀ፤ ሄዶ ሲያይ የሌሎቹ ሞተሮች ጉልበት ከእሱ ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘው። በ1959 ቡድኑ በ125 ሲሲ ገብቶ ናኦሚ ታኒጉቺ ስድስተኛ ወጣ፤ የቡድን ሽልማቱንም ወሰዱ። በ1961 ማይክ ሄልውድ በሆንዳ 125ንም 250ንም አሸነፈ። ከዚህ ሁሉ ለተራው ገዢ የደረሰው ትምህርት አንድ ነው፤ ትንሽ ሞተር በፍጥነት ከተሽከረከረና ዘይቱ በየቦታው በትክክል ከደረሰ ትልቁን ያሳድዳል።

አሜሪካ ላይ ግን ልቆይ። በ1959 የኩባንያው ሠራተኛ ኪሃቺሮ ካዋሺማ ገበያ ለመክፈት ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ ገባ። የጃፓን ገንዘብ ሚኒስቴር ይዘው እንዲወጡ የፈቀደላቸው 250,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በጥሬው 110,000 ብቻ፤ የቀረው በዕቃ። በወር 80 ዶላር የሚከፈልበት አፓርታማ ተከራይተው ሁለቱ ወለል ላይ ይተኙ ነበር። ዕቃውን በአራት እኩል ከፍለው 50፣ 125፣ 250 እና 305 ሲሲ አመጡ። ሆንዳ ትልቁን ተስፋ የጣለው በ250ውና በ305ቱ ላይ ነበር፤ ምክንያቱን ሲናገር የመሪያቸው ቅርጽ የቡድሃን ቅንድብ ይመስላል አለ። ገበያ በዚህ ይጠና እንደሆነ እንጃ።

በሚያዝያ 1960 ከየሻጩ ወሬ መጣ። ሞተሮቹ ዘይት ያፈስሳሉ፤ ፍሪሲዮናቸው ያልቃል። ጃፓን ውስጥ አጭር መንገድ በዝግታ የሚሄዱት ሞተሮች በካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ለሰዓታት መሪያቸው ሳይታጠፍ በሙሉ ነዳጅ ይነዱ ነበር፤ ይህን ማንም አላሰበውም። ካዋሺማ ከቀረችው ጥቂት ገንዘብ ላይ ቀንሶ የተበላሹትን በአውሮፕላን ወደ ጃፓን ላከ። እዚያ ቀንና ሌሊት እያስነሱ ብልሽቱ ራሱን እስኪደግም ጠበቁ። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮንና የፍሪሲዮኑ ሞላ በአዲስ ተተካ። በዚህ መካከል ገበያውን ያቆየችው ማንም ያልጠበቃት ትንሿ 50 ሲሲ ናት፤ የቢሮው ሰዎች ለጉዳያቸው ከተማ ሲዞሩባት ሰው እየጠየቀ ገዛት። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች እስካሁን የሚያስተምሩት ይህንን የ50ዋን ድንገተኛ ዕድል ነው። እኔን የሚስበኝ ግን የላኩት የተበላሸ ጓርኒሲዮን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣችው የ305 ሞተር ብስክሌት ረጅም መንገድ የምትችል ሆነች።

እሷም በ1961 መጣች። በ1960 ሲቢ72 የሚባል 250 ወጥቶ ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ እኩል 54 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱን ወደ 60 ሲያሳድጉት 305 ሲሲ ሆነ፤ ሲቢ77ም በዚሁ ተወለደች። ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን፤ አንዱ ፒስተን ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ካምሻፍቱ ከቴስታታው ላይ ነው፤ የሚያዞረው ካቴና በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል። 28 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ9,000 ዙር። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባለ 650 ሲሲ ሞተሮች ብዙዎቹ እዚህ ዙር ላይ ቢደርሱ በየአቅጣጫው ይበተኑ ነበር።

ፍሬሙ ከተጣመመ ቱቦ የተሠራ ሲሆን ከሞተሩ ፊት ለፊት የሚወርድ ዘንግ የለውም፤ ሞተሩ ራሱ የአካሉ አጥንት ሆኖ ይይዛል። በአዝራር ትነሳለች፤ እግር መጠቀም የፈለገ ደግሞ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው የሚረግጠው፤ ይህን ሳያውቅ የሞከረ ሁሉ ግራ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሞተሩ ካዝና የተከፈለው በአግድም ነው። የእንግሊዞቹ እንደ መጽሐፍ በቁም ስለሚከፈል መገጣጠሚያው እስከ ታች ወርዶ ዘይት ያንጠባጥባል። የሆንዳው መገጣጠሚያ ወደ ላይ ስለሚቀር ዘይቱ ከሥሩ ተረጋግቶ ይተኛል። ባለቤቱ ከሥሯ ካርቶን ሳያነጥፍ ሳሎን አጠገብ ያቆማታል።

እንግሊዞቹ አልሰሙም ማለት አይቻልም። የትራይምፍ መሐንዲስ ኤድዋርድ ተርነር በ1960 ራሱ ጃፓን ሄዶ ፋብሪካዎቹን አይቶ ተመልሷል። በመንደራቸው የተወራው ግን ጃፓኖቹ ትናንሾቹን ይሥሩ፣ ወጣቱ በእነሱ ተለማምዶ ሲያድግ ወደ እኛ ትልልቆች ይመጣል የሚል ነበር። በ1963 በአሜሪካ በሆንዳ ላይ የሚቀመጡት ጨዋ ሰዎች ናቸው የሚለው ማስታወቂያ ወጣ፤ በ1964 ኤልቪስ ፕሪስሊ ሩስታባውት በተባለው ፊልም በ305ቷ ላይ ተቀምጦ ታየ።

አሁን ወደ ሚኒያፖሊስ እንሂድ። ሮበርት ፐርሲግ በ1928 እዚያ የተወለደ፣ በልጅነቱ ከዕድሜው እጅግ የቀደመ አእምሮ ያለው ሰው ነበር። በሞንታና ቦዝማን ኮሌጅ ጽሑፍ አስተማረ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አእምሮው ታወከና ሆስፒታል ገብቶ በኤሌክትሪክ ንዝረት ታከመ። ከዚያ በኋላ መተዳደሪያው የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ መጻፍ ሆነ። ይህ ሰው ሲቢ77 ነበረችው። በሐምሌ 1968 የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ክሪስን ከኋላ አስቀምጦ፣ ድንኳንና መፍቻ ጭኖ፣ በዳኮታ ሜዳ፣ በሞንታናና በኦሬገን አድርጎ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ነዳት። ባልና ሚስት ወዳጆቹ በቢኤምደብሊው እስከ ሞንታና አብረውት ነበሩ።

ስለ ጉዞው የጻፈውን መጽሐፍ 121 አሳታሚዎች መልሰውበት በ1974 ታተመ፤ ዜንና የሞተር ብስክሌት ጥገና ጥበብ ይባላል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። የሚገርመው የጓደኛው ቢኤምደብሊው በየገጹ በስሟ ስትጠራ የራሱ ሆንዳ ስሟ አይነሳም። ብዙ አንባቢ ፍልስፍናውን ይዞ ይወጣል። ጥገናውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ለኔ ግን የመጽሐፉ ሥጋ እሱ ነው።

አንዱን ላውሳ። ሞተሩ በሩጫ ላይ እየነከሰ ያስቸግረዋል። ወደ ጋራዥ ይወስዳታል፤ ሬዲዮ በሙሉ ድምፅ እየጮኸ ወጣት መካኒኮች እየተጫወቱ ይሠሩለታል፤ የቫልቩን መሸፈኛ በመሮና በመዶሻ ሲከፍቱ ማቀዝቀዣ ክንፎቹን ይሰብሩበታል። ተመላልሶ ሲሰለቸው ራሱ ይፈትሻል። ችግሩ በዘይት መስመሩ ውስጥ የተቆረጠች፣ ዋጋዋ 25 ሳንቲም የማይበልጥ ፒን ሆና ትገኛለች፤ በከፍተኛ ፍጥነት ዘይት ወደ ቴስታታው እንዳይደርስ የከለከለችው እሷ ነበረች። መካኒኮቹ እጃቸው ይሠራል፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ፐርሲግ የተናደደው በዚህ ነው።

ሌላው የቢኤምደብሊው መሪ ነው። መሪው ላልቶ ሲንሸራተት ፐርሲግ ከቢራ ጣሳ ቆርጦ እንዲያስገባበት ለጓደኛው ይነግረዋል። አልሙኒየም ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፤ ከእሱ የተሻለ የለም። ጓደኛው ይከፋዋል፤ በዚህ ሁሉ ዋጋ በተገዛች የጀርመን ሞተር ላይ የቢራ ጣሳ! ጉዳዩ ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ስሙ ነበር። እዚህ ላይ መካከለኛ ሞተር መያዝ ትልቅ ጥቅም አለው እላለሁ፤ ለማንም የምታስመሰክረው ክብር ስለሌለ እጅህን ታስገባለህ።

ሦስተኛው ያስቃል። ቀደም ባለ ጉዞ በዝናብ ሞተሩ ቆመ። ሰልባትዮውን ነቅነቅ ሲያደርገው ቤንዚን ሰማ፤ ካንዴላውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ካርቡራተሩን ሁሉ ጠረጠረ፤ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናው ነዳጅ እንዳለቀ አወቀ። የሰማው ድምፅ ቧንቧው ያልተከፈተለት የመጠባበቂያው ነዳጅ ነበር።

ፐርሲግ ወደ ምዕራብ በሚነዳበት ዓመት ሆንዳ 305ቷን በሲቢ350 ተክቷታል። አዲሷ በመቶ ሺዎች ተሸጠች። በዚያው ዓመት ጥቅምት 750ዋ ቶኪዮ ላይ ታየች፤ አሜሪካ ላይ ዋጋዋ 1,495 ዶላር ሆነ፤ ወጣቱ ሲያድግ ወደ እኛ ይመጣል ያሉትም ፈረሱ። የትራይምፍ ሜሪደን ፋብሪካ በ1983 ተዘጋ። 305ዎቹ በየጎተራውና በየምድር ቤቱ ገቡ፤ ብዙዎቹ ጥቂት ሺህ ማይል ብቻ ሄደው። ያቆማቸው ብዙ ጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም፤ የተደፈነ ጂግለር፣ የሞተ ባትሪ፣ የተወለደ ልጅ። ክሪስ በ1979 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተገደለ። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1991፣ ፐርሲግ በ2017 አረፉ። የፐርሲግን ሆንዳ ሚስቱ ለአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ሰጠች፤ መጽሐፉ በታተመ በ50ኛ ዓመቱ፣ በ2024፣ ለሕዝብ ታየች።

ሙዚየም ያልገቡት አሁንም ይሸጣሉ። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙንና ኒኬሉን ለመጨረሻ ያቆየው። ፔዳሉን በእጁ ይጫነው፤ ሞተሩ ከዞረ ግማሹ ሥራ ተርፎለታል። ካልዞረ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ዝጎ ተጣብቋል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት አፍስሶ ቀናት መጠበቅ እንጂ በጉልበት መርገጥ ኪሳራ ነው። የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ በባትሪ ወደ ውስጥ ይይ፤ ዝገቱ ካርቡራተሩ ድረስ ወርዶ ይሆናል። የፍሬሙንና የሞተሩን ቁጥር ያስተያይ፤ በዚያ ዘመን ሆንዳዎች ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆነው አይወጡም፣ በጣም የተራራቁ ከሆኑ ግን ሞተሩ ከሌላ የመጣ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው በካቻቢቴ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያጠፋውም እዚሁ ላይ። የጃፓን መስቀለኛ ቢቴ የአሜሪካውን ፊሊፕስ ይመስላል፤ የጎድጓዱ ቅርጽ ግን ይለያል። ፊሊፕስ ካቻቢቴ ሲጠብቅ እየተንሸራተተ ስለሚወጣ የቢቴውን ራስ ይልጠዋል። በጎን መሸፈኛዎቻቸው ላይ የተላጨ ቢቴ የሌለባቸው አሮጌ ሆንዳዎች ጥቂት ናቸው፤ ጥፋቱ በጃፓን ብረት ላይ ይላከካል እንጂ መሣሪያው ነው ትክክል ያልነበረው። የጃፓኑን ልክ ካቻቢቴ ይዞ በመዶሻ መታ እያደረጉ ማዞር ነው።

ከዚያ ካርቡራተሮቹ ይፈታሉ፤ ጂግለሩ ነሐስ ስለሆነ በብረት ሽቦ አይወጋም፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ፑንቲናው ይጸዳል፤ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ሴሌኒየም ሬክቲፋየር ወጥቶ ርካሽ የሲሊኮን ይገባል፤ ባትሪ የሚገድለው እሱ ነበርና። የዘይት ማጣሪያው ወረቀት አይደለም፤ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው የሚወረውር ጽዋ ነው። ሻጩ ዘይቱን ቀይሬዋለሁ ቢልም ጽዋውን የከፈተው ላይኖር ይችላል፤ ሲከፈት የብዙ ዓመት ጥቁር ጭቃ ከውስጡ ይፋቃል። ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ከሆነ ይጣላል። የፍሬን ሸራው ከጫማው እየተላቀቀ ጎማውን ቀጥ ሊያደርገው ስለሚችል ከበሮው ሳይከፈት መንገድ መውጣት ድፍረት ነው።

ስትነዳም የራሷ አመል አላት። ከ4,000 ዙር በታች ሰነፍ ናት፤ ትልቅ ሞተር የለመደ ሰው ተበላሸች ይላል። ከ5,000 በላይ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ትነሳለች፤ ማርሾቿ አራት ብቻ ስለሆኑ ካምቢዮውን ዘግይቶ መምታት ነው። ከበሮ ፍሬኖቿ ለዘመናቸው ጥሩ ነበሩ፤ ዛሬ ዲስክ ካለው መኪና ኋላ የሚጠጋ ሰው ግን ርቀቱን እጥፍ ያድርግ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሲያልቁ ዘይቱ ትኩስ ሳለ ይፈስሳል፣ የቴስታታው ዳዶዎች እንደገና ይጠብቃሉ፣ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ በርዶ ካደረ በኋላ በጠዋት ይለካል።